ከሰባተኛው ቅብ በኋላ

አባቴ ከእኔ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በየእሑዱ ረፋድ ላይ መጥቼ በሩን እንዳንኳኳ። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ከዚህ በታች የማነሣቸው ሰዎች፣ እኔም ጭምር፣ «አላወቅንም ነበር» በሚል ቃል ሥር እንዳንጠለል ነው። እናውቅ ነበር። በአንደበቱ አልጠየቀንም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። ነገር ግን አባቴ ስለ ምንም ነገር በአንደበቱ ጠይቆ የማያውቅ ሰው በመሆኑ፣ ዝምታውን ማንበብ የእኛ ግዴታ ነበር።

ሥራው እንጨት ማለስለስና መቀባት ነው። በታላቅ ወንድሙ የቤት ዕቃ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሎች የገጣጠሙትን አልጋ፣ ጠረጴዛና ቁም ሣጥን ሲያሳምር ኖሯል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሁሉም ነገር በእጅ ነበር፤ ዘይቱም፣ ሰሙም፣ ማሸቱም። ኋላ አጎቴ አየር የሚገፋ ኮምፕረሰር አስገባና ቫርኒሹ በአፈ ሙዝ መረጨት ጀመረ፤ በእጅ አንድ ሳምንት የሚፈጀው ሥራ በሁለት ሰዓት አለቀ። አባቴም ወደ ጓሮ፣ ወደ ብርጭቆ ወረቀትና ወደ አቧራው ተዛወረ። ቅሬታ አላሰማም። አንድ ልማድ ብቻ ቀረው፦ ተረጭቶ ወደ መኪና የሚጫን ዕቃ በአጠገቡ ሲያልፍ ጣቱን ከማይታይ ጥግ ላይ አሳርፎ «አልደረቀም» ይላል።

ልክ ነበር። ዕቃው የተሸካሚዎቹ የጣት አሻራ እንደ ማኅተም ታትሞበት ከደንበኛ ቤት ሲመለስ፣ አንድም ሰው «ነግሮን ነበር» አላለም። ይልቁንም ቃሉን ወስደው ስም አደረጉለት።

«አልደረቀም፣ ና እስቲ ይህን በር ያዝልኝ።»

«አልደረቀምን ያያችሁ? ዝናብ መጣ፣ አስገቡት፤ ጭራሽ ይበሰብሳል።»

ሲጠሩት አቤት ይል ነበር። ስሙን ያወጣለት አጎቴ ነው፤ ይህ በመዝገብ ይያዝልኝ።

እናቴ ከአባቴ የተለየችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። «አባትሽ ደግ ሰው ነው፤ ክፉ አይወጣኝም» አለችኝ ሻንጣ እያሰረች። «ግን ከግድግዳ ጋር ስንት ዓመት ይኖራል?» ወደ ከተማው ሌላ ጫፍ ሄድን። አባቴ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ይቀመጥና በእጁ መዳፍ የእንጀራ አባቴን ጠረጴዛ ከሥሩ በኩል ይዳብሳል። እናቴ ይህን ለእንግዶቿ እያስመሰለች ታስቅ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ካደግሁ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ እሄድ ጀመር፤ በቀረው ጊዜ በስልክ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ» «ጥሩ» እንባባላለን። ከዚህ ንግግር ውስጥ የሚቀነስ ቃል የለም።

የጊታሩ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ቀን ቢሮ እሠራለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ከሦስት ባልደረቦቼ ጋር ሙዚቃ እንጫወታለን። አንድ ቀን ኤሌክትሪክ ጊታሬ ከምንጫወትበት አዳራሽ ደረጃ ላይ ተንከባሎ አካሉ ለሁለት ተሰነጠቀ። ጠጋኙ ገልብጦ አየውና «አንገቱ ደህና ነው፣ ማግኔቱም፣ ሽቦውም ደህና ነው፤ አካሉ ግን አልቆለታል። አካል የሚቀርጽልሽ እንጨት ሠሪ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አንድ ሰውዬ አውቃለሁ» አልኩት።

«አባቴ» አላልኩም። «አንድ ሰውዬ» ነው ያልኩት።

አባቴ የሚኖረው በጋራ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ በመስኮቱ ሥር የእጅ መሣሪያዎቹ የተደረደሩበት ሣንቃ። የተሰበረውን ጊታር ተቀብሎኝ ስንጥቁን በጣቱ ተከተለ። ከዚያ ተንበርክኮ ከአልጋው ሥር አንድ ወፍራም ጣውላ ጎተተ። ድርጅቱ የእንጨት መሥሪያ ጠረጴዛዎቹን በብረት ሲቀይር አሮጌዎቹን ለማገዶ ቆራርጠዋቸው ነበር፤ እሱ የራሱን ጠረጴዛ ገጽ በትከሻው ተሸክሞ ወደ ቤቱ አምጥቶታል። ስድስት ዓመት በላዩ ተኝቷል።

«ለምን አስቀመጥከው?» አልኩት።

«ደረቅ ነው» አለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና መሆኑን ያን ጊዜ አልተረዳሁም።

በወንበሩ ላይ አስቀመጠኝና ስብርባሪውን አስታቀፈኝ። «ክንድሽ የት ይደገፋል?» አለ። አሳየሁት። በእርሳስ ምልክት አደረገ። «ጎንሽን የት ይወጋሻል?» እሱንም አሳየሁት። ስጫወት የጊታሩ ጠርዝ የጎን አጥንቴን እንደሚያሳምመኝ ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው እሑድ ስመጣ በክፍሏ ውስጥ አዲስ የእንጨት ዱካ ተጨምሮ አገኘሁ፤ ሁለታችንም መቀመጥ ቻልን።

መቁረጡ፣ መቅረጹና ማለስለሱ አምስት እሑድ ፈጀ። በአምስተኛው እሑድ ስወጣ የክፍሉን ትርፍ ቁልፍ ሰጠኝ። «ምናልባት ሳልኖር ከመጣሽ» አለ። እሑድ ሳይኖር ቀርቶ አያውቅም።

በስድስተኛው እሑድ ዘይቱ ተጀመረ። የተልባ ዘይት ነው፤ ለመጀመሪያው ቅብ እንጨቱ ወደ ውስጥ እንዲጠጣው በተርፔንታይን አቅጥኖታል። ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ባለበት ሣህን ውስጥ ያቆመዋል። ከአሮጌ ሸሚዝ የተቀደደች ጨርቅ ነክሮ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይቀባል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ከዚያ እንጨቱ ያልጠጣውን ሁሉ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል። «የሚያበላሸው የተቀባው ሳይሆን ሳይጠረግ የቀረው ነው» ይላል። በሁለተኛው ቅብ ዘይቱ ሳይደርቅ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሸው፤ ከእንጨቱ የወጣው ዱቄት ከዘይቱ ጋር ተለውሶ የእንጨቱን ቀዳዳዎች ደፈነ። ከሦስተኛው ጀምሮ ጨርቁን ጥሎ በመዳፉ ማሸት ያዘ። ዘይቱ ከመዳፉ ሥር እስኪግል ድረስ፣ ክብ እየሠራ፣ ትከሻውን ጭምር እያስገባ ያሻል።

«ንኪው» አለኝ።

መዳፌን አሳረፍኩ። እንጨቱ እንደ ሰው ገላ ሞቆ ነበር። እጄን ወዲያው አነሣሁ።

ዘይት የጠጣ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ከራሱ ሙቀት በመነሣት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ አባቴ እያንዳንዷን ቁራጭ ዘርግቶ በግቢው የልብስ ሽቦ ላይ ያሰጣታል። በግቢው የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ሴትዮ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው አዩትና፣ «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መሀረብ ማን አስለቅሶዎት ነው?» አሉ።

«እንጨቱ ነው ያለቀሰው፣ እትዬ።»

«ኧረ ልጅዎ መጥታለች፤ ከእንግዲህስ እርስዎም እንጨቱም ሳቅ እንጂ።»

አባቴ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እስከ ጆሮዎቹ ቀላ።

አሁን ወደ ዋናው ፍሬ ነገር እመጣለሁ። ሙያው በየቀኑ አንድ ቅብ ይፈቅዳል፤ ዛሬ ረፋድ የተቀባ ቀጭን ቅብ ነገ ረፋድ ላይ ሌላውን ይቀበላል። አባቴ ግን በሳምንት አንድ ብቻ ይቀባ ነበር። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጊታሩ ከመስኮቱ አጠገብ ተሰቅሎ ይቆያል፤ እሑድ ወርዶ ይታሻል። በሰባተኛው ቅብ ላይ ሥራው አለቀ። ብርሃኑ በላዩ ላይ ሳይሆን ከውስጡ የሚወጣ ይመስል ነበር፤ የጣውላው ዓመታት በሙሉ አንድ በአንድ ይታያሉ።

«አለቀ፣ አይደል?» አልኩት።

«ትንሽ ይቀረዋል።»

ስምንተኛውን ቀባ። በስምንተኛውና በሰባተኛው መካከል ልዩነት ልፈልግ ሞከርኩ፤ አላገኘሁም። ዘጠነኛውን ቀባ። በዘጠነኛው ቅብ ዕለት ሰዓቴን አራት ጊዜ አየሁ፤ ሦስተኛውን ጊዜ ሲያየኝ አየሁት። በአሥረኛው ቅብ ዕለት ነገሩን ቀጥታ ነገርኩት።

«አባዬ፣ ቅዳሜ በአዳራሹ ትልቅ መድረክ አለን። በዚህ ጊታር ነው መጫወት የምፈልገው።»

እጁን በጨርቅ እየጠረገ «የዚህ ሳምንት ቅዳሜ?» አለ።

«አዎ። አንገቱንና ሽቦውን ለመግጠም አንድ ቀን ይበቃል።»

አሁን የቀባውን ገጽ በአውራ ጣቱ ጥግ ዳሰሰው። «አልደረቀም» አለ።

«ስምህን አይደለም የጠየቅኩህ» አልኩት።

ቀልድ ነበር፤ ማለቴ፣ ቀልድ ነበር ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ፈገግ አለ። በድርጅቱ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ፈገግ ያለላቸው ፈገግታ ነው ለእኔም የሰጠኝ። ጨርቁን አስቀመጠና፣ «እዚያ አዳራሽ… ሰው ይገባል?» አለኝ።

«ማንም ይገባል» አልኩት። «ና» የሚለው ቃል አንድ ፊደል ብቻ ነው። እሱን አላልኩም።

ሰኞ ለአጎቴ ደወልኩለት። ጉዳዩን ስነግረው በስልኩ ውስጥ ሳቁ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

«ወንድሜን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ቀብር ላይ እንኳ ቢሆን ‹ሬሳው ይድረቅ› ባይ ነው። አምጪልኝ፤ በሁለት ሰዓት መስታወት አድርጌ እሰጥሻለሁ።»

«እሱ እዚያ ነው እኮ የሚሠራው። ያየናል።»

«ረቡዕ ካቢኔ ተከላ እልከዋለሁ። ሩቅ ነው፤ እስከ ማታ አይመለስም።»

ስለዚህ በድንገት የሆነ ነገር የለም። ቀኑ ተመርጧል፣ ሰውየው በሥራ ስም ከመንገድ ዘወር ተደርጓል፣ በሩም በተሰጠኝ ቁልፍ ተከፍቷል። ጊታሩን በአንሶላ ጠቅልዬ ስወጣ ልብስ ሰፊዋ ቀና አሉ።

«ልጄ፣ ጋሼ ያውቃሉ?»

«ያውቃል» አልኳቸው።

መልሰው ስፌታቸው ላይ አቀረቀሩ፤ አላመኑኝም።

በድርጅቱ የሚረጨው ሠራተኛ ጭንብሉን ወደ ግንባሩ ገፍቶ የጊታሩን አካል አሸተተው። «ይህ ዘይት ጠጥቷል እኮ። መቼ ነው የተቀባው?»

«እሑድ» አልኩ።

«እሑድ?» ወደ አጎቴ ዞረ። «ጌታዬ፣ የተልባ ዘይት ነው፤ ሦስት ቀኑ ነው። ይህ አይሆንም።»

አጎቴ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ። እርጭ» አለ።

ሠራተኛው ጭንብሉን መልሶ ረጨ። አምስት ደቂቃ ያህል በእርግጥ መስታወት ሆነ፤ ፊቴን አየሁበት። አጎቴ «አላልኩሽም?» አለ። ከዚያ ከታችኛው ጫፍ በኩል፣ በቀዘቀዘ ወተት ላይ እንደሚረጋ ስልባቦት፣ ገጹ መኮማተር ጀመረ። ቫርኒሹ ውስጥ ያለው ማቅጠኛ ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ዘይት ቀስቅሶታል። ሽብሽቡ ወደ ላይ እየወጣ ክንዴ የሚያርፍበት ቦታ ደረሰ፤ ከዚያም አልፎ ሄደ። በአንዳንድ ሥፍራ ነጭ ጭጋግ ለበሰ። ሦስታችንም ቆመን አየነው። የሚሠራ ነገር አልነበረም።

«ዘይት አብዝቶበት ነው» አለ አጎቴ። «ድሮም ነግሬዋለሁ።»

ወደ አባቴ ክፍል መልሼ ወሰድኩት። ሰቅዬው መሄድ እችል ነበር፤ አሰብኩትም። ዱካው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። አመሻሹ ላይ ትከሻው ላይ የጣውላ ዱቄት እንደያዘ ገባ። እኔን ሲያይ፣ በረቡዕ፣ ፊቱ በራ። ይህንን በሕይወቴ ሙሉ አልረሳውም፤ ለመርሳት መብት አለኝ ብዬም አላምንም። ከዚያ አልጋው ላይ ያለውን አየ።

መብራቱን አበራ። ተቀመጠ። መዳፉን ሽብሽቡ ላይ አሳረፈ።

«ማን ረጨው?»

«አጎቴ አስረጨው። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ራሱን ነቀነቀ። የቫርኒሹን ጫፍ በጥፍሩ ቢያነሣው እንደ ቆዳ ተላቀቀ። ከሥሩ ያለው ዘይት ጣቱ ላይ ተጣበቀ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ሰባት ይበቃው ነበር። በሰባት ትቼው ቢሆን እስካሁን ደርቆ ቫርኒሹንም ይችለው ነበር።»

«ታዲያ ለምን ጨመርክ?» አልኩት። መልሱን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

«እሑድ እሑድ…» አለ። ጣቱን በሱሪው ጠረገ።

በዚህ ሁሉ ጉዳይ ውስጥ የእምነት ቃሉን የሰጠ አባቴ ብቻ ነው። ሦስት ቅብ ጨመረ፤ እውነት ነው። አንድ ሰው የልጁን ፊት ሦስት ጊዜ ተጨማሪ ለማየት ሦስት ቅብ መጨመር ካስፈለገው፣ ተጠያቂው ቀቢው አይደለም። አጎቴ ወንድሙን በስም ቀብሮታል፤ እናቴ ግድግዳ ብላ ልጁን ከግድግዳው አስሸሽታለች፤ እኔ ደግሞ የሁለቱንም ቃል አምኜ፣ በገዛ ቁልፉ ገብቼ፣ ሊሰጠኝ የነበረውን ነገር ሰርቄዋለሁ። ለእናቴ ስነግራት «አየሽ? ስንት ጊዜ ነገርኩሽ» አለችኝ። ምን እንደነገረችኝ አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ በውሰት ጊታር ተጫወትኩ። በሁለተኛው ዜማ ላይ ከበሩ አጠገብ አየሁት፤ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከግድግዳው ጋር ቆሟል። ፊቴን አላየም፤ የሚያየው የተዋስኩትን ጊታር ጠርዝ ነበር፤ ጎኔን የሚወጋኝን ቦታ። መብራቱ ሲበራ ቦታው ባዶ ነበር።

እሑድ ሄድኩ። ጊታሩን ሙልጭ አድርጎ ፍቆ ወደ ባዶ እንጨት መልሶታል፤ ለዚህ ሌሊቱን ሁሉ ሳይሠራ አልቀረም። የጣቶቹ ጫፎች ተልጠዋል። እኔ እስክመጣ ሳይጠብቅ የመጀመሪያውን ቅብ ቀብቶታል። ጠረጴዛው ላይ የዘይቱ ጠርሙስ፣ የታጠፉ ንጹሕ ጨርቆችና ብርጭቆ ወረቀት በጋዜጣ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል።

«ቤትሽ ወስደሽ ቀቢው» አለኝ። «ማሸቱን አይተሻል። ጨርቁን ጨብጠሽ እንዳትጥዪ፣ ዘርጊው። በየቀኑ መቀባት ይቻላል።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ ይቻላል» አለ ደግሞ፣ ዓይኑን ከጠርሙሱ ሳያነሣ። «ለዚህ ብለሽ መመላለስ የለብሽም። ሰባት ይበቃዋል።»

አባቴ በሕይወቱ ብዙ ነገር ተወስዶበታል። ያን ቀን ግን ማንም ሳይወስድበት፣ በገዛ እጁ አጣጥፎ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እኔም «አይ፣ እዚሁ እንቀባዋለን» ማለት ሲገባኝ፣ ከእፍረት ይሁን ከችኮላ ለይቼ መናገር አልችልም፣ ተቀብዬው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ሰላምታዬን አልመለሱም።

ስድስት ቀን፣ በየማታው፣ በመኝታ ቤቴ ወለል ላይ ተቀምጬ ቀባሁት። መዳፌ ይግላል፤ እንጨቱ ይግላል። ሰባተኛው ቅብ ቅዳሜ አለቀ። በማግስቱ፣ ጊታሩን ግድግዳው ላይ ትቼ፣ ባዶ እጄን ወደ አባቴ ሄድኩ።

በሩን ከፈተ። መጀመሪያ ያየው እጆቼን ነው፤ ከዚያ ትከሻዬን፤ ከዚያ ከኋላዬ ያለውን መሬት።

«ምን ተበላሸ?» አለኝ።

ነቀፌታ አልነበረበትም። ሰው በሩን ሲያንኳኳ ሁልጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

«ምንም» አልኩት። «ምንም አልተበላሸም።»

በሩን እንደያዘ ቆየ። ምንም ያልተበላሸበት ሰው ሲመጣ ምን እንደሚደረግ አያውቅም፤ አላስተማርነውም። በኋላ መንገዱን ለቀቀልኝ፤ ገብቼ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አኖረ፤ አነሣቸው፤ እንደገና አኖራቸው። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዶ፣ ከወደቁት ቁርጥራጮች መካከል ለምንም የማትሆን፣ እንደ መዳፍ የምታህል አንዲት እንጨት መርጦ፣ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ማለስለስ ጀመረ።